የመኪናዬ ሸራ የጅማን ክረምት እንዴት አለፈ

ይሄ ሸራ ጠብታ አያሳልፍም። ሻጩ ይህን ሲምልልኝ አልዋሸም፣ በዚህ አልከሰውም። ክረምቱን ሙሉ ከስሩ ቡና ሸጠናል፣ ጨርቁን በስቶ የወረደብን ውሃ የለም። ያስቸገረን ውሃ በሌላ በሌላ በኩል የመጣው ነው። አንዱ ከላይ ተኝቶ አልወርድም ያለው ነው። ሌላው ደግሞ በሸራውና በመኪናው መሃል ሾልኮ የገባው ነው። ስለ ሁለቱም ሻጩ ትንፍሽ አላለም። እንግዲያው እኔ ልናገር።

እቃውን ለማታውቁት፣ መኪና ጣሪያ ላይ በጎን በኩል የሚታሰር ረጅም ከረጢት ነው። ዚፑን ከፍታችሁ ስትጎትቱት ሸራው ይዘረጋል። ከፊት ሁለት ዘንጎች ወርደው መሬት ይይዛሉ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክንዶች ይወጥሩታል። የኔ ርዝመቱ በመኪናው ልክ 2.5 ሜትር ነው፣ ወደ ውጭ 2 ሜትር ይወጣል። ጨርቁ ፖሊስተር ሆኖ ውሃ የሚከለክል ቅብ አለው። ፈረንጆች ካራቫን በሚሉት ተጎታች ቤታቸው ጎን ለሚዘረጉት ሸራ የቅርብ ዘመድ ነው።

እኔ ያሳሰርኩት ዶልፊኔ ላይ ነው። ወንበሮቿን አውጥቼ ቡና መሸጫ ያደረግኳት መኪና ናት። አዘቦት ቀን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ በገበያ ቀን ሄርማታ ትቆማለች። ባለቤቴ ከውስጥ አፍልታ በጎን መስኮት ታቀብላለች። ደንበኛ ሸራው ስር በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ሸራውን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው፣ ጥር ላይ። በጋውን እንከን አልነበረውም፣ ፀሐይ ከለለ፣ በቃ። ስለ በጋው ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ከዚያ መጋቢት ገባ።

የጅማ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም። መጋቢት ላይ ይጀማምርና እስከ ጥቅምት ያደርሳል። በአመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጥላል፣ ከአዲስ አበባ ይበልጣል ማለት ነው። እዚህ ከተማ ሸራ የሚገዛ ሰው በዋናነት የሚገዛው ለዝናብ ነው። ሻጩ ደግሞ የት እንደምኖር ያውቃል። ጅማ ብዬዋለሁ፣ ቡና እንደምሸጥም ነግሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ሸራው በመመሪያው መሰረት ተዘርግቷል፣ ሁለቱ ዘንጎች እኩል ቆመዋል፣ ክንዶቹ ተቆልፈዋል። ትንሽ ቆይቶ መሃሉ እንደሞላ አቅማዳ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ከስሩ የተቀመጡት ልጆች ቀና እያሉ ማየት ጀመሩ። አንዱ ተነስቶ በእጁ ወደ ላይ ሲገፋው ውሃው በአንድ ጊዜ ከፊት ተዘረገፈ። የሚያልፍ ባጃጅ ላይ ነበር ያረፈው። የባጃጁ ሹፌር የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው፣ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የኔ ሸራ 5 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጥሎ ውሃው ካልወረደ 100 ኪሎ ሆነ፣ አንድ ኩንታል። አንድ ኩንታል ቡና ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ከራሱ በላይ በሁለት ቀጫጭን የአልሙኒየም ዘንግ ተይዞ እንዲንጠለጠል ይፈቅዳል? ደግሞ ነገሩ እየባሰ ነው የሚሄደው። ትንሽ ውሃ ሲያርፍ ጨርቁ ይረግባል። ሲረግብ የበለጠ ውሃ ይጠራል። የበለጠ ሲጠራ የበለጠ ይረግባል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚችል ሸራ ነው!" አለኝ። "የጅማ የአመት ዝናብ ራሱ ያን አይሞላም።"

ይህን ቁጥር ካርቶኑ ላይም አይቼዋለሁ። ብዙ ሰው እየተሸወደበት ስለሆነ በግልጽ ላስረዳ። 2,000 የሚለው የዝናብ መጠን አይደለም። ጨርቁን ወጥረው ከላዩ የውሃ አምድ ያቆማሉ፣ የአምዱን ቁመት እየጨመሩ ይሄዳሉ። ጨርቁ ማሳለፍ የጀመረበት ቁመት ይመዘገባል። 2,000 ማለት 2 ሜትር ቁመት ያለው የውሃ አምድ እስኪጫነው አያሳልፍም ማለት ነው። ጥሩ ቁጥር ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ውሃው ከላይ ይውረድ አይውረድ ምንም አይነግራችሁም። እንዲያውም የማያሳልፍ ጨርቅ ውሃውን እዚያው ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሻጮች፣ ይህን ቁጥር ስትጠሩ ስለ ተዳፋቱም አብራችሁ ተናገሩ። ሰዉ ገንዘቡን የሚያወጣው እናንተን አምኖ ነው።

ይህኛው ችግር መድኃኒት አለው፣ ከባድም አይደለም። የፊት ዘንጎቹ ቁመታቸው የሚስተካከል ነው። ከመኪናው በኩል ካለው 40 ሳንቲም ያህል ዝቅ አደረግናቸው። አንዱን ደግሞ ከሌላው ትንሽ አሳጠርነው፣ ውሃው ወደ አንድ ጥግ ሰብሰብ ብሎ እንዲወርድ። ካራቫን ያላቸው ሰዎችም ዝናብ ሲመጣ አንዱን እግር ዝቅ ነው የሚያደርጉት። ረጅም ሰው ሲገባ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም፣ እሱን ችለነዋል።

ለመሃሉ መርገብ ግን ተዳፋት ብቻ አይበቃም፣ ከስር የሚደግፍ ነገር ይፈልጋል። ለካራቫን ሸራ ይህን የሚሠራ ለብቻው የሚሸጥ ቅስት ዘንግ አለ። እኔ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ በያጅ አለ። ቀጭን ቱቦ በልክ ቆርጦ በትንሹ አጎበጠልኝ። ጨርቁን እንዳይበሱ ጫፎቹን ከጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ቁራጭ ጠቀለለልን። አሁን ሸራው ሲዘረጋ ቅስቱ መሃል ላይ ከስር ይገባል፣ ጨርቁ ጀርባ ያወጣል፣ ውሃ መተኛ አያገኝም።

ሁለተኛው ችግር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ከእቃው ጋር የመጡት መያዣ ብረቶች ለጠፍጣፋ የጣሪያ ዘንግ የተሠሩ ናቸው። እኛ አገር ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶመጋላ (የእቃ መጫኛው) ደግሞ በክብ ቱቦ የተበየደ ነው። ጠፍጣፋ ብረት ክብ ቱቦ ላይ አይቀመጥም። የገጠሙልኝ ሰዎች እዚያው አዲስ አበባ በትርፍ ብረት አራርቀው አሰሩት። እናም በሸራው ከረጢትና በመኪናው አካል መሃል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። በበጋ ማን ያየዋል? ዝናብ ሲመጣ ግን ጣሪያው ላይ የወረደው ውሃ ሁሉ ወደ ጎን ይፈስና በዚያ ክፍተት ቁልቁል ይገባል። ከክፍተቱ ስር ያለው ምንድን ነው? መስኮታችን። ባለቤቴ ስኒ የምታቀብልበት መስኮት።

ሰኔና ሐምሌ እንዲህ ነው ያለፉት። ደንበኛው ደረቅ ሆኖ ተቀምጧል፣ ቡናውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እጅጌው ይርሳል። ረከቦቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ስኳሩን ያበላሻል፣ ከሰሉን ያጨሳል። ባለቤቴ አንድ ቀን ጀበናውን አስቀምጣ "ይሄ ሸራ ለነሱ ነው እንጂ ለኔ አይደለም" አለችኝ። ልክ ናት።

ሻጩ ጋ እንደገና ደወልኩ። "ሲልኮን አድርግበት ወንድሜ" አለ። ሲልኮን ስንጥቅ ይደፍናል፣ አራት ጣት ክፍተት አይደፍንም። ደግሞ ሸራው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንቀሳቀሳል፣ መኪናዋ ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ትርገፈገፋለች። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የተቀባ ሲልኮን ተላጦ ይወድቃል። መፍትሔው አጠገባችን ነበር፣ ሄርማታ ገበያ አካባቢ።

እዚያ አንድ ሸራ ሰፊ ሐጂ አሉ። ቡና ጭነው ወደ አዲስ አበባ ለሚወጡ መኪኖች ሸራ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡና መንገድ ላይ ከራሰ ነጋዴው አለቀለት፣ ስለዚህ ውሃ በየት እንደሚገባ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ሸራዬን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። "ጨርቁስ ደህና ነው ልጄ" አሉኝ። "መኪናውን ግን አልያዘውም።"

ካራቫን ላይ ይህ ክፍተት የሌለበትን ምክንያት በስልኬ አሳየኋቸው። የካራቫኑ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ያለው የአልሙኒየም ሐዲድ ተመቷል። የሸራው ጠርዝ ውስጥ ገመድ ተሰፍቶበታል። ገመዱን ከሐዲዱ አንድ ጫፍ አስገብተው እየጎተቱ እስከ ሌላው ጫፍ ያንሸራትቱታል። ገመዱ ከስንጥቁ ስለሚወፍር አይወጣም፣ ውሃም መግቢያ አያገኝም። ሐጂ ትንሽ አዩትና "ይሄማ እኛም እንሠራዋለን" አሉ።

ሠሩትም። በያጁ ግማሽ ኢንች ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀ። ስንጥቁ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰው። ሐጂ ከጭነት መኪና ሸራ 30 ሳንቲም ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ ቆረጡ። አንዱን ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ አጠፉት፣ ከገመዱ ስር ጥግ ይዘው በድርብ ክር ሰፉት። የስፌቱን መስመር በጥፍራቸው እየጫኑ ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። የላላበትን ፈትተው ደገሙት። ከዚያ ገመዱን ሻማ ቀቡት። ቱቦው በፖርቶመጋላው ስር የጣሪያውን ጠርዝ ይዞ ታሰረ። ሲልኮን የገባው እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ ቱቦውና ጣሪያው የማይነቃነቁ በሆኑበት ቦታ። በመጨረሻ የገመዱን ጫፍ ቱቦው ውስጥ አስገብተን ስንስበው ሰተት ብሎ ሄደ። ሌላው የቁራጩ ጠርዝ ከረጢቱን አልፎ ሸራው ላይ ይተኛል። ከጣሪያ የሚመጣው ውሃ አሁን በቁራጩ ላይ ተንሸራቶ ሸራው ላይ ይወርዳል፣ ከሸራው በዝቅተኛው ጥግ ይወጣል።

በነጋታው ዘነበ። ባለቤቴ መስኮቱን እስከ ጫፍ ከፈተችው።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የመያዣዎቹ ዳዶ በኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ ይላላል፣ ሮንዴላ ጨምሩበትና በየሳምንቱ በመፍቻ ንኩት። ከእቃው ጋር የሚመጡት ካስማዎች ለሣር ሜዳ ናቸው፣ ድንጋይ ንጣፍ ላይ አይሠሩም። እኛ እያንዳንዱን ዘንግ ውሃ በሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እናስረዋለን። ነፋስ ሲጠነክር ግን ጀሪካንም አይበቃም፣ ሸራውን ወዲያው መሰብሰብ ነው።

እርጥቡን ጠቅልላችሁ አትተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ሳትታይ ስለምትውል ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ማታ እርጥብ ጠቅልለን ከገባን ጠዋት ቡና ሳይፈላ ግቢ ውስጥ እንዘረጋዋለን። አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሁድን እንደተጠቀለለ ቆይቶ ስፌቱ አጠገብ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ አወጣ። ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አብዛኛው ለቀቀ። በረኪና እንዳታስነኩት፣ ቅቡን ይበላዋል።

ሰው ቆጨህ ወይ ይለኛል። በሸራው አልቆጨኝም። ክረምቱን ሙሉ ሰው ስሩ ተቀምጦ ጠጥቷል፣ ዝናብ ሲመጣ ደንበኛችን የሚበተን ሳይሆን የሚጨምር ሆኗል። ያናደደኝ የሻጩ ዝምታ ነው። ሸራውን ገጥመው ሲጨርሱ ክፍተቱን እሱም ቆሞ አይቶታል። "ጅማ ስትደርስ ይሄን አሠራው" ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃው ነበር። እናንተ ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መያዣው ለክብ ቱቦ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። ተገጥሞ ሲያልቅ አንድ ባልዲ ውሃ ጣሪያው ላይ አስደፉና ከስር ቆማችሁ እዩ። ባልዲውን ካልፈቀደላችሁ ከሱ አትግዙ። ለሸራ ሰፊና ለበያጅ የሚሆን ገንዘብም ለይታችሁ ያዙ፣ የእቃው ዋጋ እሱን ጨምሮ ነው።

የኋለኛው ጥግ ላይ አሁንም ይንጠባጠባል። ቱቦው ከጣሪያው አንድ ስንዝር ቀድሞ ስላለቀ ውሃው በዚያ ዞሮ ይወርዳል። ከሐጂም ከበያጁም ጋር ተነጋግረናል። መጋቢት ሳይገባ ቱቦው ይቀጠላል፣ ጫፉ ላይም ትንሽ የላሜራ አሸንዳ ይበየድለታል።