ዝቅ ለተደረገ አሮጌ ሃይሉክስ፦ ብሎክ፣ ባሌስትራ ማስቀነስ ወይስ የአየር ከረጢት?

ፒክአፑ ዝቅ ከተደረገ በኋላ የሚያንገጫግጨው ባሌስትራው (ከኋላ መኪናውን የሚሸከሙት የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) ስለጠነከረ ነው ብሎ የሚያምን ባለንብረት ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ባሌስትራውን ለማሳሳት ነው። እኔም አዳማ ውስጥ የምነዳውን በኋላ ጎማው ብቻ የሚንቀሳቀስ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ሃይሉክስ ይዤ በዚሁ መንገድ ጀምሬያለሁ። ብዙ ወጪ ከወጣ በኋላ የገባኝ ግን ዝቅ ያለ መኪና የሚጎድለው ልስላሴ ሳይሆን ጎማው ወደ ላይ የሚነሣበት ክፍተት መሆኑ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን የምመዝነው ያንን ክፍተት ይመልሳሉ ወይስ የቀረውንም ይወስዳሉ በሚል ነው።

በአክስሉና (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) በሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) መካከል፣ ብረት ብረትን እንዳይመታ የተቀመጠ መምቻ ጎማ አለ። መኪናው በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ወደዚህ ጎማ የሚያደርሰው ክፍተት በዚያው ልክ ይጠባል፤ አክስሉ መምቻውን ጎማ በነካበት ቅጽበት ደግሞ የባሌስትራው ልስላሴ ምንም ዋጋ አይኖረውም፣ ምቱ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይመጣል። የእርስዎ መኪና ችግር ይህ መሆኑን በቀላሉ ማረጋገጥ ይችላሉ። መምቻውን ጎማ በጨርቅ ጠርገው ፊቱን በስሱ ግራሶ ይቀቡት፣ በከተማው ጉብታዎችና በኮብልስቶኑ መንገድ እንደ ወትሮዎ ይንዱ፣ ተመልሰው ከሥሩ ይተኙና ይመልከቱ። የእኔ ከቤት እስከ ገበያ ደርሶ መልስ ብቻ ተነድቶ ግራሶው ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ፣ የአክስሉ ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞበት ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ባሌስትራ ወደሚያሳሳ ጋራዥ ባይሄድ ይሻለዋል።

ከፊት እንጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1988 የተሠራው በኋላ ጎማው ብቻ የሚንቀሳቀስ አራተኛው ትውልድ ሃይሉክስ፣ እንዲሁም ከእርሱ ቀደም ብሎ የነበረው ዳትሰን 620፣ ከፊት በኩል የሚቆሙት ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ በሚያገለግል ቶርሽን ባር ላይ ነው። የዚህን ብረት ማስተካከያ ቡሎን ማላላት ከመካኒኩ የእጅ ዋጋ በስተቀር ወጪ የለውም፤ በዚህም ምክንያት ሁሉም ሰው የሚመርጠው ይህንኑ ነው። ብዙዎች ቡሎኑ ሲላላ የመኪናው ፊት የሚለሰልስ ይመስላቸዋል፤ የቶርሽን ባሩ ጥንካሬ ግን የሚወሰነው በውፍረቱ፣ በርዝመቱና በተሠራበት ብረት ስለሆነ፣ ማላላቱ የፊት ክንዱን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ወደ መምቻው ጎማ ከማስጠጋት በቀር አያለሰልሰውም። በተቃራኒው ወፍራም ቶርሽን ባር እንዲገዙ የሚመከሩ ካሉ፣ ውፍረቱ በ10 በመቶ ብቻ ሲጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ እንደሚያድግ ልብ ይበሉ። ሁለተኛው መንገድ ድሮፕ ስፒንድል የሚባለው ነው። ጎማው የሚታሰርበት ዘንግ ከፋብሪካው ይልቅ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ መኪናው ዝቅ ሲል ክንዶቹ በነበሩበት ቦታ ይቆያሉ፣ ክፍተቱም ሳይነካ ይቀራል። ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም አቅሙ ላለው ሰው ከፊት በኩል ያለ ማመንታት የምመርጥለት ይህንን ነው። አቅሙ የሌለው ቡሎኑን ቢበዛ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ድረስ ብቻ ያላላ፣ ከዚያም በዚያው ዕለት አላይመንት (የጎማዎቹን አቋምና አቅጣጫ ማስተካከል) ያሠራ፤ ይህ ያልተደረገለት መኪና የፊት ጎማዎቹን በውስጥ ጠርዛቸው ይበላቸዋል።

ከኋላ ምርጫው የሚከብደው ባሌስትራ በማስቀነስና ብሎክ በማስገባት መካከል ነው። ባሌስትራ ማስቀነስ ማለት ከተደራረቡት የብረት ቅጠሎች አንዱን ወይም ሁለቱን ማውጣት ነው። ተመሳሳይ ውፍረት ካላቸው አምስት ቅጠሎች አንዱ ሲወጣ ጥንካሬው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት ደግሞ በአንድ አራተኛ ይጨምራል። ለእኔ ሁለት ቅጠል ነበር የወጣልኝ። ባዶውን ስነዳው በመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አራት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ከወለንጪቲ ስመለስ አክስሉ በየጉድጓዱ ሻንሲውን እየመታ እስከ አዳማ መግቢያ ድረስ አብሮኝ መጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዋናው ቅጠል ከመሐል ቡሎኑ አጠገብ ተሰብሮ መኪናው ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ። ባሌስትራን በእሳት አግሎ ቀጥ ማድረግ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘው ጥንካሬ በሙቀቱ ስለሚጠፋ ቅርጹን አይዝም፣ ወይም ይሰነጠቃል።

ብሎክ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ቁራጭ ነው። የባሌስትራውን የመሸከም አቅም ስለማይነካ ጭነት ለሚጭን ሰው የተሻለ ነው፤ ክፍተቱን ግን በራሱ ውፍረት ልክ ይወስዳል። ከመግዛትዎ በፊት ከመኪናው ሥር ገብተው ባሌስትራው ከአክስሉ በታች መታሰሩን ያረጋግጡ። እንደ ብዙዎቹ ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክሶች ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ፣ በመሐል የገባው ብሎክ መኪናውን ዝቅ በማድረግ ፈንታ ከፍ ያደርገዋል። ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ሁለት ብሎክ ደርቦ ማሰርን ወይም ከእንጨት የተጠረበ ብሎክ መጠቀምን ማንም ቢያቀርብልዎ አይቀበሉ። ከብሎኩ ጋር ረዘም ያለ ዩ ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን)፣ እንዲሁም አጠር ያለና ለስለስ ያለ መምቻ ጎማ አብሮ መገዛት አለበት። ይህም ካልበቃ ሻንሲውን ከአክስሉ በላይ በኩል ጎርዶ በወፍራም ላሜራ ማጠናከር የጠፋውን ክፍተት በእርግጥ ይመልሳል፤ ነገር ግን የመኪናው አከርካሪ የሚቆረጥበት ሥራ ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት የሠራውን ሊያሳይ ለሚችል በያጅ ካልሆነ በቀር አይስጡት።

የመኪናውን መወዛወዝ የሚያረጋጋው ሾክ አብዞርበር ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ርዝመቱን አለመለካት ነው። ለፋብሪካው ቁመት የተሠራው ሾክ በዝቅተኛ መኪና ላይ ግማሽ ተጨፍልቆ ስለሚቆም፣ መምቻው ጎማ ገና ሳይነካ የራሱ ጫፍ ይደርሳል፤ ባለቤቱም አዲስ ሾክ ቀይሮ መኪናው ለምን እንደባሰበት ሳይገባው ይቀራል። አክስሉ መምቻውን ጎማ በነካበት ቦታ በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክተው፣ ተጨፍልቆ ሲያልቅ ከዚያ የሚያጥር ሾክ ይግዙ። ከዓይነቱ አንጻር፣ ባለ አንድ ቱቦ ጋዝ ሾክ በረጅም ኮረኮንች ላይ ሙቀቱን በቶሎ ስለሚያስወጣ አቅሙ አይደክምም፤ በከተማ ኮብልስቶን ላይ ግን ባለ ሁለት ቱቦው የዘይት ሾክ ለስለስ ብሎ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው በአዳማ የውስጥ መንገዶች ስለሆነ እኔ ባለ ሁለት ቱቦውን ገዝቻለሁ፣ አልተጸጸትኩም።

የአየር ከረጢት ባዶም ሆነ ተጭኖ የመኪናውን ቁመትና ምቾት በአየር መጠን ማስተካከል ስለሚያስችል ከሁሉም የተሻለ ምቾት የሚሰጠው እርሱ ነው። ኮምፕሬሰር፣ የአየር ታንክ፣ ቫልቭና ቱቦ ይፈልጋል፤ ከእነዚህ አንዱ በአቧራ ምክንያት አየር ማፍሰስ ሲጀምር መኪናው መምቻ ጎማው ላይ ተቀምጦ ያድራል። መለዋወጫው በቅርብ ለማይገኝለትና በየዕለቱ ለሥራ ለሚወጣ መኪና አልመክረውም፤ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ ለሚወጣ ፒክአፕ ግን ሌላው ሁሉ ከእርሱ ጋር አይወዳደርም።

ጎማ የተረሳ ምቾት ነው። 195/70 አር 14 ጎማ የጎኑ ከፍታ 136 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎች ለውበት የሚቀይሩት 205/40 አር 17 ግን 82 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚጠጋ አየር የያዘ ላስቲክ በገዛ ፈቃድ ከተጣለ በኋላ ያንን በሾክ ለመመለስ መሞከር ከንቱ ወጪ ነው። ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ብቻ የሚመላለስ ሰው ስስ ጎማውን ሊታገሠው ይችላል፤ ወደ ወንጂ ወይም ወደ ሶደሬ አዘውትሮ የሚወርድ ግን ባለ 14 ኢንቹን ቸርኬ ይያዝ።

ገንዘብዎ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ትክክለኛ ርዝመት ያለውን ሾክና ለስላሳውን መምቻ ጎማ፣ ቀጥሎ ባረጁት የባሌስትራው ጎሚኒዎች (በማሰሪያዎቹ ውስጥ የሚገቡ የላስቲክ ቀለበቶች) ምትክ አዲስ ይግዙ፤ ብሎኩም ሆነ ስፒንድሉ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። ጎሚኒዎቹ ሲገቡ መካኒኩ ቡሎኖቻቸውን መጨረሻ የሚያጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በአራቱም ጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ መሆኑን ቆመው ይዩ፤ በአየር ላይ ከተጠበቁ ጎሚኒዎቹ መኪናው በወረደ ቁጥር ተጠምዝዘው ስለሚቆዩ ይጠነክራሉ፣ በቶሎም ይቀደዳሉ። ዩ ቦልቶቹን ደግሞ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ተመልሰው ያስጠብቋቸው።