ኦአር 12 የጎን ሰሌዳ ለክራፒ፦ ከሰሌዳው ይልቅ ባንዲራው

ማጥመጃን ከጀልባ ጎን አርቆ የሚያስኬደው ተንሳፋፊ ሰሌዳ፣ ቢጫው የኦፍ ሾር ታክል ኩባንያ ኦአር 12፣ ስሙን ያተረፈው በሚቺጋንና በኢሪ ሐይቅ ማጥመጃ በጀልባ እየጎተቱ ዋልአይ የተባለውን ትልቅ ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች እጅ ነው። ክራፒ ለምትባለው ትንሽ የሐይቅ ዓሣ ሲውል ግን የሚጠበቅበት ሥራ ይለወጣል። ትልቅ ዋልአይ ሲነክስ ሰሌዳውን ወደ ኋላ ጎትቶ ያስቀረዋል፤ ማንም ያየዋል። ግማሽ ፓውንድ የምትመዝን ክራፒ ግን መንጠቆው ላይ ተሰክታ እያለች ሰሌዳው ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ይህን ዕቃ ለክራፒ ስንመዝነው ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ዓሣዋ መያዟን ይነግረናል ወይ ብለን ነው። እንደ መጣ ብቻውን ከሆነ መልሱ "እምብዛም" ነው። ከጥቂት ማስተካከያ በኋላ ግን በደንብ ይነግረናል።

ሰሌዳው ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚረዝም ተንሳፋፊ ሲሆን፣ ሥሩ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ክብደት አለው። ፊቱ በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ ጀልባዋ ስትጎትተው ውሃው ወደ ጎን ይገፋዋል። ከዘንጉ የሚመጣው ክር በፊተኛው መቆንጠጫ ተይዞ፣ በኋለኛውም አልፎ ወደ ማጥመጃው ይሄዳል። የግራውና የቀኙ ይለያያሉ፤ የቀኙን በግራ ብታወርዱት እየዞረ ጀልባችሁ ሥር ይገባል። የሚሸጡትም ለየብቻ ስለሆነ ስታዝዙ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ፊደል አንብቡ። ሁለት ግራ ይዞ ሐይቅ የደረሰ ሰው ቀኑ ያለቀው ገና ጠዋት ነው።

ሰሌዳ ለክራፒ ለምን ያስፈልጋል? በመጋቢትና በሚያዝያ ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ፋራናይት ሲጠጋ ክራፒ እንቁላል ልትጥል ወደ ዳርቻ ትመጣለች። 5 ጫማ ውሃ ላይ ቆማ ሳለ ጀልባ በላይዋ ካለፈ ትሸሻለች። ሰሌዳው ማጥመጃውን ከጀልባዋ ጎን 50 ወይም 60 ጫማ አርቆ ባልተረበሸ ውሃ ያሳልፈዋል። በሐምሌ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በሚሲሲፒ እንደ ሳርዲስና ኢኒድ ባሉ ሐይቆች ክራፒ በሰፊው ውሃ ላይ ተበትና ስለምትውል ባንዲት 300ን የመሰለ ክራንክቤይት (ሲጎተት እየተንቀጠቀጠ የሚጠልቅ ዓሣ መሰል ማጥመጃ) እየጎተቱ መፈለግ የተለመደ ነው፤ እዚያ የሰሌዳው ጥቅም በአንድ ጉዞ የሚጠረገውን ስፋት ማብዛት ነው።

ኦአር 12 የሚመቸው ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ ነው። በሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ማይል ሲጎተት ክሩን ወጥሮ ርቆ ይቆማል፤ መጠነኛ ማዕበልም አያናውጠውም። 1/16 አውንስ ጂግ (እርሳስ ራስ ያለው ትንሽ መንጠቆ) ግን ከ0.8 እስከ 1.2 ማይል ነው የሚፈልገው። ከ1 ማይል በታች ሰሌዳው ይሰንፋል፦ ክሩ ይረግባል፣ ሰሌዳው ወደ ኋላ እየቀረ ወደ ጀልባዋ ይጠጋል። ጂግ ብቻ የምትጎትቱ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሚኒ ሰሌዳ አውሉት። ሚኒው ትንሽ ዓሣም ያሳያል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን እንደ ቡሽ ይንገዋለላል። ሁለቱንም የምትጎትቱ ከሆነ ትልቁን ይዛችሁ ጂጉን በ1.2 ማይል ማስኬድና ጥልቀቱን ክር በመጨመር ማካካስ ይቻላል። ፍጥነቱን ሁልጊዜ በጂፒኤስ ለኩ፤ የሞተሩ ቁጥር ነፋስ ከኋላ ሲገፋ ያታልላል።

አሁን ወደ መቆንጠጫዎቹ እንምጣ፤ አብዛኛው ስህተት እዚህ ነው። የፊተኛው ብርቱካናማ መቆንጠጫ በሁለት የጎማ ትራሶች መካከል ክሩን ይነክሳል፤ ክሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር አያያዙ ይጠብቃል። ዋልአይ የሚጎትቱት እስከ መጨረሻው ይገፉታል። ለክራፒ ከጎማው ጠርዝ ሩብ ኢንች ያህል ቢገባ ይበቃል። ምክንያቱ የክራፒ አፍ ነው፤ ከንፈሯ ዙሪያ ያለው ስስ ቆዳ በአንድ ጠንካራ ሳብታ ይቀደዳል። ከሁሉ ራቅ ባለው ሰሌዳ ላይ ዓሣ ሲያዝ የፊተኛውን መቆንጠጫ ዘንጉን ነቅነቅ አድርጎ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ያኔ ሰሌዳው ወደ ጎን የሚሸሽበትን ጉልበት አጥቶ ከሌሎቹ ክሮች ኋላ ይቀራል፤ ዓሣዋም ሳትጠላለፍ በጀልባዋ ጀርባ ትመጣለች። መቆንጠጫው ከጠበቀ ለማስለቀቅ የምትስቡት ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው አፏ ላይ ነው። ከኋላ ያለው ቀይ መቆንጠጫ መሃሉ ላይ ትንሽ ችንካር አለው። ክሩ ከችንካሩ ወዲያ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ የፊቱ ሲለቅ ሰሌዳው ከክሩ ወጥቶ ሐይቁ ላይ ይቀራል።

ተጠላልፎ የተሠራ ቀጭን ክር በጎማው ውስጥ ይንሸራተታል። 10 ፓውንድ የሚችል ሞኖ (ባለ አንድ ዘር የናይለን ክር) ተጠቀሙ፤ ከፊቱ 6 ፓውንድ የሆነ መሪ ክር መጨመር ይቻላል። ለክራፒ የሚሸጡት 12 እና 14 ጫማ ለስላሳ ዘንጎች ለዚህ አይሆኑም፤ ሰሌዳው ብቻውን እስከ ግማሻቸው ያጎብጣቸዋል። 7 ጫማ ተኩል የሆነ መካከለኛ ዘንግና ክር ቆጣሪ ያለው ሪል (የክር መጠቅለያ) ይሻላል። ቆጣሪው ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ ክር 60 ጫማ ላይ ሲይዝ ሌሎቹንም እዚያው ለማድረስ ቁጥሩ ያስፈልጋል።

አወራረዱ ይህ ነው። ጀልባዋ በምትጎትቱበት ፍጥነት እየሄደች ማጥመጃውን ልቀቁ፤ ቆጣሪው ለምሳሌ 60 ሲል ያዙ። ሰሌዳውን ቁልቁል ይዛችሁ መጀመሪያ የፊተኛውን፣ ቀጥሎ የኋለኛውን መቆንጠጫ በክሩ ላይ አድርጉ። ውሃው ላይ ባንዲራው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ፤ ከዚያ ሪሉን በአውራ ጣት እየያዛችሁ ክሩን በዝግታ ልቀቁ። በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁት ሰሌዳው ይቆማል፣ ጂጉ ይወርድና ሥር ያለ ጉቶ ላይ ይሰካል። የመጀመሪያው ሰሌዳ ከሁሉ ርቆ ይሂድ፣ ዘንጉም ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ቅርብ ይሁን። በሰሌዳዎቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ጫማ ተዉ። በሚቺጋን ለአንድ ሰው 3 ዘንግ ነው የሚፈቀደው፤ ሁለት ሆናችሁ ከወጣችሁ በየጎኑ 3 ማለት ነው። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ቁጥሩ ስለሚለያይ የየክፍለ ግዛቱን ደንብ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ባንዲራውን በተመለከተ፦ ከሰሌዳው ጋር የሚመጣው ቆሞ የሚቀር ነው፤ ከሩቅ ለመታየት ካልሆነ አይረባም። ታትል ፍላግ የሚባለው ተጨማሪ ዕቃ ባንዲራውን በስፕሪንግ ከኋለኛው መቆንጠጫ ጋር ያገናኘዋል። ማጥመጃው ላይ ክብደት ሲጨመር ባንዲራው ወደ ኋላ ይተኛል። ከተለማመዱት እንደ ሰዓት ይነበባል፦ ክራንክቤይት በትክክል ሲሠራ ባንዲራው በትንሹ ያዘነብላል፣ ይንቀጠቀጣልም። እንደተኛ ከቀረና መንቀጥቀጡን ካቆመ ቅጠል ይዟል። እየተኛ ብድግ ካለ ዓሣ ነው። ከወትሮው በላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ማጥመጃው ተበጥሶ ሄዷል። ትንሽ ክራፒ ለሰዓት ሙሉ መንጠቆ ላይ ተጎትታ ሞታ የምትገኘው ይህ ዕቃ ስለሌለ ነው። የፋብሪካው ስፕሪንግ ለክራፒ ትንሽ ይጠነክራል፤ ማላላት ይገባል። ከማውረዳችሁ በፊት የኋለኛውን መቆንጠጫ በሁለት ጣት ስባችሁ ሞክሩት፤ በቀላል ሳብታ መተኛት አለበት።

ስትዞሩ በሰፊው ዙሩ። በውስጥ በኩል ያሉት ሰሌዳዎች ይዘገያሉ፣ ጂጋቸው ይሰምጣል፤ በውጭ በኩል ያሉት ይፈጥናሉ፣ ጂጋቸው ከፍ ይላል። በመዞር ላይ ደጋግሞ ከተያዘ የትኛው ጎን እንደያዘ ልብ በሉ፤ የውስጡ ከሆነ ፍጥነት ቀንሱ፣ የውጭው ከሆነ ጨምሩ። ዓሣ ስትጠቀልሉም ጀልባዋን አታቁሙ። ሰሌዳው እጃችሁ ሲደርስ ነቅላችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡና የቀረውን ክር ሳታረግቡ በእኩል ፍጥነት ጠቅልሉ፤ ዓሣዋን በዘንግ ከማንሳት ይልቅ መረብ ከሥሯ አስገቡ።

ጥንካሬው አያሳማም። የሚያልቀው የመቆንጠጫው ጎማ ነው፦ ክር ደጋግሞ ሲያልፍበት ቦይ ያወጣል፣ ከዚያ ሞኖም ቢሆን ይንሸራተታል። በብርድ ጠዋት ደግሞ ጎማው ስለሚደርቅ አያያዙ ይለወጣል፤ ከሰዓት ሙቀት ሲመጣ እንደገና አስተካክሉት።

የአንዱ ዋጋ ከ30 ዶላር ከፍ ይላል፣ ታትል ፍላጉ ለብቻው ይከፈላል። ገንዘብ ካጠረ አራት ሰሌዳ ያለ ታትል ፍላግ ከመግዛት አንድ ግራና አንድ ቀኝ ከነታትል ፍላጋቸው ግዙ፤ በላዩም አንድ ጥንድ ትርፍ መቆንጠጫ ጨምሩ።