«ፎር ዊሉ ይሠራል» ተብላችሁ አሮጌ ሀርድቶፕ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ሀርድቶፕ ለመግዛት ከደላላ ጋር የምትዞሩ ካላችሁ፣ ቀብዱን ለጊዜው ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። እኔ ሳላቆይ ነው የተበላሁት። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ጉዳያችን ገና አላለቀም። ደላላውንም አልጠራም፤ ሁለት ፐርሰንቱን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን አያነሳም።

የማር ነጋዴ ነኝ። ማሬን የማመጣው ከባሌ፣ ከሐረና ጫካ ነው። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጎባን አልፋችሁ ሳነቲ ላይ ትወጣላችሁ። ሜዳው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ መንገዱ ባንድ ጊዜ እየተጠማዘዘ ወደ ሪራ ይወርድና ጉም ውስጥ ይከታችኋል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ማሩ ዋናው መንገድ ላይ አለመሆኑ ነው። ቀፎው የተሰቀለው ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያስገባው መንገድ ዝናብ ሲመታው ሳሙና ነው። ለዓመታት በኪራይ መኪና ሠራሁ። ኪራዩ ማሩን ከኔ በፊት እየላሰ ሲያስቸግረኝ የራሴን ልግዛ አልኩ።

ለምን ሀርድቶፕ? ለገጠር ሥራ ከሱ የተሻለ አላውቅም፤ ከዚህ ሁሉ በኋላም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ፍጥነት አትጠብቁ፤ ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው። ግን የገጠር መካኒክ በመዶሻና በሁለት ቁልፍ ያነጋግረዋል። ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስም ጥሩ መኪና ነው፤ ሆኖም ኢንጀክተሮቹ ቆሻሻ ናፍታ አይወዱም። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንቀዳው ከጀሪካን ነው። ራቭ ፎር ያማራችሁም አላችሁ፤ ለኮረኮንች ይሆናል። ለጭቃ ዳገት ግን ሎው የሚባለው ከባድ ማርሽ የሌለው መኪና አይሆንም፣ እሱም የለውም።

በዚያ ላይ ገበያው ጠቧል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ የናፍታ መኪና ሁሉ እንደ ወርቅ ይታያል። ገዢው ይቸኩላል። «ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ሲባል እጁ ይንቀጠቀጣል። የኔም እጅ እንደዚያው ነበር።

መኪናው ሲታይ ያምራል። ነጭ ነው። ከሥሩ በጥቁር ሬንጅ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። «የኤንጂኦ ነበር፣ በጥንቃቄ የተያዘ ነው» ተባልኩ። ኪሎ ሜትሩ 148,000 ይላል። ቀለበት መንገድ ላይ ነዳሁት፤ መሪው ቀጥ ያለ፣ ካምቢዮው ለስላሳ። «ፎር ዊሉስ?» አልኩ፤ አራቱም ጎማ የሚገፋበትን ማለቴ ነው። ሻጩ እሱን የምታስገባውን ትንሿን ማርሽ ሳብ አደረጋት። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ ቦግ አለች። «ይኸው፣ ይሠራል!»

«እስቲ ላዙረው» ስለው፣ «ወንድሜ፣ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ ማዞር ማሽኑን ይጎዳል» አለኝ። ዛሬም የሚያበግነኝ ይህ ነው። የተናገረው እውነት ነበርና። በዚህ ዓይነት መኪና ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ ተቆልፈው እኩል ይዞራሉ። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊቱና የኋላው ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። አፈር ላይ ከሆነ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሰዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችል ጭነቱ ሁሉ ማርሹና ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ጥርስ) ላይ ያርፋል። ሰውዬው በእውነት ነው የሸወደኝ። መኪና ያውቃል ብዬ ይብስ አመንኩት። አፈር ፈልገን እንሞክረው የሚል ሐሳብ ግን ሽው አላለብኝም።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ሚያዝያ ላይ ነበር። ሳነቲን ስወጣ ጥቁር ጭስ አፈሰሰና ጉልበቱ ወረደ። እዚህ ላይ ሻጩን አልወቅስም። አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል፤ መድከሙም ማጨሱም ያለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ቢሆን ነው ዘይት እየበላ ነው የምትሉት።

ከዋናው መንገድ ተገንጥዬ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ዳገቱ ላይ ቆምኩ። ወርጄ የፊት ጎማዎቹን ሀብ ወደ ሎክ አዞርኩ። ሀብ የምላችሁ በጎማው መሐል ያለችውን፣ በእጅ የምትዞረውን ክብ መቆለፊያ ነው። እንደ ጠርሙስ ክዳን ነው የዞረችልኝ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ ምን ዓይነት ለስላሳ መኪና ነው አልኩ። ደህና ሀብ እጅን ትንሽ ይታገላል፣ ቦታው ሲደርስም ቀጭ ብሎ ይይዛል። ይህን ማን ነግሮኝ! ማርሿን ሳብኩ፣ መብራቷ በራች፣ ነዳጅ ሰጠሁ። ጭቃው ወደ ኋላ ተፈናጠረ። መኪናው ግን ስንዝር አልተነቃነቀም።

ዳር ቆመው የሚያዩኝ ሽማግሌ ጠጋ አሉና በመስኮቱ፣ «ልጄ፣ የኋላው ይሮጣል። የፊቱ ቆሞ ያየዋል» አሉኝ። ወርጄ የሰፈሩን ልጅ ነዳጁን እንዲረግጥ አደረግሁና አየሁ። እውነታቸውን ነው። የፊቶቹ ጎማዎች እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ግን መብራቷ በርታለች።

ድንጋይና ቅርንጫፍ ስንነሰንስ፣ በክሪክ ስናነሳ ዋልን። በመጨረሻ ደረቅ የረገጠ አንድ አሮጌ አይሱዙ በረጅም ገመድ ጎትቶ አወጣኝ። ፎር ዊል የሌለው አይሱዙ ላንድ ክሩዘር ሲጎትት ያየ ሰው ሁሉ ፎቶ አነሳ። ማሩን በአህያ አስጭኜ ተመለስኩ።

ጋራዥ ስንደርስ መካኒኩ አልተገረመም። በ10 ቁጥር ቁልፍ የሀቧን ስድስት ቡሎኖች ፈታ። ክዳኗን አንስቶ ጣቱን ከተተና በቅባት የተለወሰ እጁን አሳየኝ። «ጋሼ፣ ውስጡ ማር እንጂ ጥርስ የለም» አለ። ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ጥርሱ ወጥቶ ባዶ ቤት በቅባት ተሞልቷል። በሌላው በኩልም ያው ነው። የፊት ዲፈረንሻሉ ሲከፈት ደግሞ ጥርሱ ተፈርክሷል። ከኔ በፊት የያዙት ሰዎች ማሳደሱ ውድ ሆኖባቸው የሀቡን ሆድ አውጥተው ክዳኑን መልሰው አሰሩት። መብራቷስ? መብራቷ የምታውቀው ትንሿ ማርሽ መግባቷን ብቻ ነው። ጉልበቱ ጎማ ጋ ይድረስ አይድረስ የምታውቀው ነገር የለም።

ይህን ማጣራት ግን አንድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መኪናውን አፈር ወይም ጠጠር ያለበት ሜዳ ውሰዱት። ሀቦቹን ቆልፉ፣ ፎር ዊል አስገቡ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ደህና ከሆነ መኪናው ይከብዳል፤ የያዘው ነገር ያለ ይመስል እየጎተተ ነው የሚዞረው። እንደ ታክሲ ቀለል ብሎ ከዞረ ፊቱ አይሠራም። ካልረካችሁ ደልዳላ ቦታ አቁሙትና የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ ፎር ዊል ይግባ፣ ሀቦቹ ይቆለፉ። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና በእጃችሁ አዙሩት። መዞር የለበትም። ከዞረ ዘንግ፣ ሀብ ወይም ዲፈረንሻል አንዱ ጉድ አለበት። ሻጩ «ይህን ያህል ምን ያስጨንቃችኋል?» ካለ ቡናውን አመስግናችሁ ተነሡ።

ከተከፈተ ላይቀር ሌላም ሌላም ወጣ። 1ኛው ኪሎ ሜትሩ ነው። መካኒኩ የታይሚንግ ቤልቱን (ፒስተንና ቫልቭን የሚያናብበውን ቀበቶ) ሽፋን ሲያነሳ ከውስጥ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አገኘ፦ 312,000። ቀድሞ ቤልት የቀየረ ሰው ለራሱ ማስታወሻ ትቶ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ግን 148,000 ይነበባል። ይህ ነገር ዋጋ የማናር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዚህ ሞተር ቤልት በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ያ የምታምኑት ሞተር ያልቃል። ኪሎ ሜትሩ ከተነካካ ቤልቱ ስንት እንደቀረው ማን ያውቃል? ቁጥሩን ትታችሁ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እዩ። የኔው ብረቱ እስኪታይ አልቆ ነበር። 148,000 ኪሎ ሜትር ፔዳል እንዲህ አይበላም፤ እኔም አይቼው ነበር፣ ግን ዝም አልኩ።

ከሥር የተቀባው ሬንጅም ዝገት መከላከያ ብቻ አልነበረም። መካኒኩ በብረት ብሩሽ ሲፍቀው ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው ብረት) ላይ፣ ከኋላ ባሌስትራው (ተደራራቢው ዝርግ ስፕሪንግ) መያዣ አጠገብ የብየዳ ጠባሳ ብቅ አለ። ስለዚህ ከሥሩ አዲስ ሬንጅ የተቀባ መኪና ስታዩ አትደሰቱ። አቧራ የለበሰ ሻንሲ ይሻላችኋል፤ ቢያንስ የሚታየው እውነቱ ነው።

የሥሪት ዓመቱንም ቢሆን እመኑ አልላችሁም። አንድ ወዳጄ «የ2004 ሥሪት» ተብሎ ሊገዛ የነበረውን ሀርድቶፕ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ ባሌስትራ ነው። ረጅሙ ሀርድቶፕ በ1999 (በፈረንጅ) ሲታደስ የፊቱ ባሌስትራ ቀርቶ በጥምዝ ስፕሪንግ ተተክቷል። ሞዴሉም ከ75 ወደ 78 ተቀይሯል። ኮፈኑ ሥር ያለው የፋብሪካ ሳህን ላይ «ኤች ዜድ ጄ 75» የሚል ከሆነ «የ2004» የሚለው ወሬ ነው። የሻንሲ ቁጥሩም በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው ከፍ ብሎ ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጨርቅና ናፍታ ይዛችሁ ወልውሉትና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ዕርዳታ ድርጅት የነበረ መኪና ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ ነው የሚገባው። ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዞርም፤ የጉምሩክ ሰነዱን፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ሳታዩ አትፈርሙ። «ለጊዜው በውክልና ያዘው» ከተባላችሁም መኪናው የናንተ አይደለም። ቦሎ አለው ማለትም ፎር ዊሉ ይሠራል ማለት አይደለም። የኔው ቦሎ ነበረው።

ውሉ ላይ «መኪናውን አይቼና ፈትሼ፣ ያለበትን ሁኔታ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል መስመር አለች። ሳላነብ ፈረምኩ። ሻጩ አሁን የሚመልስልኝ በዚያች መስመር ነው፦ «ወንድሜ፣ አይተህ ነው የገዛኸው።» ጠበቃዬ ግን ሻጭ አውቆ የደበቀውን ጉድለት ይህች መስመር አታድነውም ይለኛል። ብቻ ጉድለቱን እንዳወቃችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ። መካኒኩ ሲከፍተው ፎቶም አንሱ። እኔ «በሽምግልና እንጨርሳለን» እየተባልኩ ወር አባክኛለሁ፤ ያ ወር አሁን በፍርድ ቤት ጥያቄ ሆኖ ተነሥቶብኛል።

እስከዚያ ሀቦቹንና የፊት ዲፈረንሻሉን ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል አስፈልጌ አስገጠምኩ። አሁን መኪናው ይወጣል። ሽማግሌውም ባለፈው አይተውኝ ሳቁ።

ያ በፊት ባሌስትራው የዳነው ወዳጄ ቅዳሜ ሌላ ሀርድቶፕ ሊያይ ነው። ነጭ ነው አለኝ፤ ከሥሩም ጥቁር በጥቁር። አብሬው እሄዳለሁ። 10 ቁጥር ቁልፌን ዛሬውኑ ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ።