ቪታል፦ ቤዙ ከኖቱ ጋር ሲፈጥንና ሲዘገይ

በሁዳዴ ሰሞን የአንድ ትዝታ ቅንብር ይዤ ሦስት ሌሊት ቤዙ አልሄድ አለኝ። ዘፋኙ ቤዝ ጊታር አልፈለገም። የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) ቤዝ ነው ያለኝ፣ ያ «ዋው... ዋው...» እያለ የሚከፈትና የሚዘጋው። ሰራሁለት። ታችኛው «ኤ» ኖት ላይ ደረት የሚያሞቅ ድምፅ ወጣው። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ግን ቤዙ ደከመ። ኖቱ ወጥቷል፣ መወዛወዙ እዚያው ታች ቀርቷል። ፍጥነቱን ለላይኛው ኖት ሳስተካክለው ደግሞ ታችኛው ተጣደፈ፣ ትዝታነቱም ጠፋ።

የጎደለው ነገር የገባኝ እናቴ ቤት ነው። ሬዲዮ ላይ በገና ከፍታ ቡና ታፈላለች። በገና ላይ በየጅማቱና ጅማቱ በሚያርፍበት እንጨት መሃል ቁራጭ ቆዳ አለ፣ ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ጅማቱ በተርገበገበ ቁጥር የእንጨቱን ጠርዝ ሲመታው ነው። ስለዚህ ወፍራም ድምፅ ባለው ጅማት ላይ ንዝረቱ ዝግ ይላል። ከፍ ባለው ላይ ይደቃል። የንዝረቱን ፍጥነት ለብቻው የሚያስተካክል ሰው የለም፤ ጅማቱ ራሱ ይወስነዋል። የኔ ቤዝ ያጣው ይህንን ነበር።

ማታውኑ ቪታልን ከፈትኩ። ቪታል ማት ታይተል የሰራው የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር ነው፣ የወጣው በ2020 ነው። ከዚያ በፊት ሄልም የሚባለውንም የሰራው እሱ ነው። ዋናው ነገር ነፃ መሆኑ ነው። ባለ 25 እና ባለ 80 ዶላር እትሞችም ይሸጣሉ፣ ልዩነቱ ግን በአብዛኛው አብረው የሚመጡት የተዘጋጁ ድምፆች ብዛት ላይ ነው። ሞተሩ አንድ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ በዶላር ሶፍትዌር መግዛት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቪታል ውስጥ ፊልተሩን (ድምፁን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ማጣሪያ) የሚያወዛውዘው ኤልኤፍኦ ነው፣ ራሱ የማይሰማ ዝግ ያለ ሞገድ። ከስሩ ፍጥነቱ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ አጠገቡ ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ስትጫኑ ዝርዝር ይወጣል፦ በሰከንድ፣ በቴምፖ (በዘፈኑ ፍጥነት)፣ ሌሎች ሁለት የቴምፖ ዓይነቶች፣ መጨረሻ ላይ ኪይትራክ። ኪይትራክን ስትመርጡ የፍጥነቱ ቁጥር ይጠፋና በቦታው ትራንስፖዝና ቱን የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው የተጫናችሁት ኖት ነው።

መጀመሪያ ስትነኩት ትደነግጡ ይሆናል። እኔ ደንግጫለሁ። የኤልኤፍኦው ፍጥነት ወደ ኖቱ ፍጥነት ስለሚጠጋ መወዛወዙ አይሰማም፣ የሚሰማው ሻካራ ጉርምርምታ ነው። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትዘጉት። ትራንስፖዙን ወደ ታች አውርዱት። እኔ 48 ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ከዜሮ በታች አወረድኩት፣ ማለትም አራት ኦክታቭ። አንድ ኦክታቭ መውረድ ፍጥነቱን ለሁለት ማካፈል ስለሆነ አራት ኦክታቭ ለ16 ማካፈል ነው። ታችኛው «ኤ» 55 ሄርዝ ነው (በሰከንድ 55 ንዝረት)፣ ለ16 ሲካፈል 3.4 ገደማ ይሆናል። በሰከንድ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል «ዋው» ይላል ማለት ነው። ከሱ በላይ ያለው «ኢ» ላይ 5.1 ገደማ ይደርሳል። አንድ ኦክታቭ ላይ ያለው «ኤ» ላይ ወደ 6.9 ይጠጋል።

ያን ሌሊት ዜማውን ከላይ እስከ ታች ተጫወትኩት። ቤዙ ሲወርድ ይተነፍሳል፣ ሲወጣ ይነቃል። ቴምፖውን አልነካሁም። ግን ዘፈኑ የራሱ እስትንፋስ ያለው መሰለ። ሄድፎኔን አውልቄ በትንሿ ስፒከር ደገምኩት፣ እዚያም ይሰማል።

ያልወደድኩት ነገር አለ። ኪይትራክ ወይ ሙሉ ነው ወይ የለም። ግማሹን ልጠቀም ብትሉ መንገድ የለውም። ሁለት ኦክታቭ ለሚወጣ ቤዝ ደግሞ ሙሉው ይበዛል፤ ከ3.4 ተነስቶ 13.75 ይደርሳል። እዚያ ላይ ዋውታ መሆኑ ይቀርና መንቀጥቀጥ ይሆናል። በመቶኛ የሚስተካከል አንድ ቁልፍ ቢጨመርበት ምንኛ ጥሩ ነበር።

መውጫው ግን እዚያው ቪታል ውስጥ አለ። ኤልኤፍኦውን ወደ ሰከንድ መልሱት። ከዚያ ኖት የምትባለውን ምንጭ ጎትታችሁ የኤልኤፍኦው ፍጥነት ላይ ጣሏት። መጠኑን በጆሮ ነው የምታገኙት። እኔ አንድ ኦክታቭ ሲወጣ ፍጥነቱ እጥፍ ሳይሆን 1.4 እጥፍ ገደማ እንዲሆን አደረግኩት። 3.4 የነበረው 4.9 አካባቢ ይሆናል። ለትዝታ የተስማማኝ ይሄኛው ነው። ሙሉው ኪይትራክ ሳይንሱን ጠብቋል፣ ግማሹ ግን ሰው የተጫወተው ይመስላል። የመጨረሻው ቅንብር ላይ የገባውም እሱ ነው።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ፊልተሩም ላይ ኪይትራክ የሚባል የራሱ ቁልፍ አለ። ፍጥነቱ ኖቱን ተከትሎ ፊልተሩ ታች ከቀረ ላይኛዎቹ ኖቶች ይታፈናሉ። ሁለቱን አብራችሁ ክፈቱ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ።

ሐሳቡ ግን ከቪታል ጋር የተወለደ አይደለም። በ1970 በወጣው ሚኒሙግ በሚባለው ሲንተሳይዘር ላይ ሦስተኛው ኦስሌተር (ድምፅ አመንጪ) ዝቅተኛው መደብ ላይ ሲደረግ እንደ ኤልኤፍኦ ይሰራል። ከኪቦርዱ የምታላቅቀው ማብሪያ አለች። ካላላቀቃችሁት መወዛወዙ ኖቱን ይከተላል። የዲትሮይቱ የቴክኖ ሙዚቀኛ ኬቨን ሳውንደርሰን በ1988 ያስለመደው ቤዝም በዚሁ መንገድ ነው የሚኖረው። ሁለት ድምፆች በትንሹ ሲዛነፉ እርስ በርስ ይማታሉ፣ ምታቱም ከኖቱ ጋር ይፈጥናል። በ10 ሴንት (የአንድ ሴሚቶን አንድ አስረኛ) ከተዛነፉ ታችኛው «ኤ» ላይ በሦስት ሰከንድ አንዴ ያህል ይማታሉ፣ ኦክታቩ ላይ በእጥፍ ይፈጥናሉ። ስለዚህ ቪታል የሌላችሁም በዚህ መጀመር ትችላላችሁ። ሁለት ኦስሌተር ያለው ማንኛውም ሲንተሳይዘር ይበቃል።

ለጭፈራ ዘፈን ግን አልመክርም። ሰርግ ላይ ከበሮው ሲመታ ቤዙም ምቱን መጠበቅ አለበት። እዚያ ኤልኤፍኦውን ቴምፖ ላይ ተዉት። የኖት ተከታዩ ለትዝታ፣ ለአምባሰል፣ ቦታና አየር ላለው ዘፈን ነው።

ላፕቶፔ ያረጀ ነው። ስሰራ በአድቫንስድ ገጽ ላይ ኦቨርሳምፕሊንጉን (ድምፁን የሚያጠራውን፣ ኮምፒውተሩን ግን የሚያደክመውን) 1 ላይ አደርገዋለሁ፣ ሲያልቅ ወደ 4 እመልሰዋለሁ። እንደዚያ ሲሆን ይሸከመዋል።

ዘፋኙ ሲሰማው ምን እንደተለወጠ አልጠየቀኝም። ቤዙ ውስጥ በገና አለ እንዴ ብሎ ነው የጠየቀኝ። ኪይትራኩን ከፍቼ ትራንስፖዙን ወደ 12 ከዜሮ በታች መልሼ ያን ሻካራ ጉርምርምታ አሰማሁት። እሱንም መግቢያው ላይ እንድጨምርለት ጠየቀኝ፣ ጨመርኩለት።