አንድን የእጥበት ማዕከል በካቴተር አያያዙ ስመዝነው

እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ማዕከል የኩላሊት እጥበት ማድረግ ከጀመረች ስምንት ወር አልፏታል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን ለአራት ሰዓት ያህል አጠገቧ ስለምቀመጥ፣ በተለይ ደም ከሰውነቷ ወደ ማሽኑ ስለሚያመላልሰው ቱቦ፣ ስለ ካቴተር፣ አያያዛቸው የታዘብኩትን ለሌሎች አስታማሚዎች ማካፈል ፈለግሁ።

በድንገት ታማ ስለገባች መጀመሪያ አንገቷ ላይ የገባላት ጊዜያዊው ካቴተር ነበር። ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲቆይ ስለማይመከር፣ በቆዳ ሥር አልፎ ደረት ላይ በሚወጣው የረጅም ጊዜ ካቴተር ተተካላት፤ ቆዳው ሥር ያለችው ትንሽ የጨርቅ ቀለበት ከሥጋ ጋር ስትጣበቅ ቱቦው እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች፣ ጀርምም ተከትሎ እንዳይገባ ታግዛለች።

ማሽኖቹ ደህና ናቸው፤ አልጋዎቹም ንጹሕ ናቸው፤ የቴሌቪዥኑ ጩኸት ግን ቢቀነስ መልካም ነበር። የማዕከሉ ብቃት የሚታየው የካቴተሩ ቀዩና ሰማያዊው ክዳን በሚከፈቱባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። የጠዋት ተረኛዋ ነርስ ለራሷም ለእናቴም ማስክ ካደረገች በኋላ የቱቦውን ጫፍ በፀረ ጀርም ደጋግማ ታሻለች፤ ቱቦው እንዳይዘጋ የተተወውን ሄፓሪን በስሪንጅ ስባ ትጥላለች፤ «እማማ፣ እስክጨርስ ፊትዎን ወደዚያ ያዙሩልኝ» ትላለች። ለእርሷ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው።

በሦስተኛው ወር ግን ተተክቶ የመጣ ባለሙያ ያለ ማስክ፣ ስልክ እያወራ ክዳኑን ሲከፍት አየሁ። ከአራት ቀን በኋላ ማሽኑ በተከፈተ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እናቴን ብርድ ብርድ አላት፤ የደም ምርመራው ኢንፌክሽን አሳየ፤ አንቲባዮቲክም ተጀመረላት። ሰበቡ ያ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ኃላፊዋ ቅሬታዬን በትሕትና ብትቀበልም፣ ምን እንደተደረገ ግን የነገረን የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ፣ ከካቴተር ይልቅ ለኢንፌክሽን እምብዛም ስለማይጋለጠው ፊስቱላ፣ ማለትም ክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ጥገና ተገናኝተው ለእጥበት ስለሚሠራው መስመር፣ እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ማንም አለማንሳቱ ነው። ለአገልግሎት ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚፈልግ አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ፣ ፊስቱላው የሚሠራበት ግራ እጇ በየጊዜው ለደም ናሙና ሲወጋ ዝም ብለን አናይም ነበር። አሁን ተሠርቶላታል፤ ጠዋት ጠዋት ደሙ ሲያልፍበት የሚሰማውን ንዝረት በጣቷ ትዳስሳለች። እስኪደርስ ድረስ ካቴተሩ ስላልወጣ፣ ሰኞና ሐሙስ ማስክ ከቤት ይዘን እንሄዳለን።