እንሶስላ ያገኘሁበት የገርጂው ችግኝ መሸጫ

እፅዋት መሰብሰብ ሱስ የሆነባችሁ ካላችሁ ገርጂ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ችግኝ መሸጫዎች መሀል ጫፍ ላይ ያለውን፣ በቀርከሃ የታጠረውን፣ ሳታዩ እንዳታልፉ። ሌላው ጋ የምታገኙት ያው ጄራኒየም፣ ቡገንቪላ፣ ስኔክ ፕላንትና በትንንሽ ፖት ያለ ሳኩለንት ነው። እዚህም አሉ፣ ጤነኞችም ናቸው፣ እኔን ግን ደስ ያሰኘኝ ከኋላ ጥላ ስር ያሉት የሀገራችን እፅዋት ናቸው።

እንሶስላ አለ በቃ! አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚሞቁበትን ሥሩን ነው እንጂ አበባውን አይቶት አያውቅም፣ ነጭ ሆኖ ትልልቅ ነው፣ መሀሉ ላይ ሐምራዊ አለው፣ ሲመሽ ደግሞ ሽታው ያውዳል። እንግሊዝ ሀገር ያሉ አትክልት ወዳጆች ፈልገው የሚያሳድጉት አበባ እኮ ነው፣ እኛ ጋ ግን በረንዳ ላይ የሚያስቀምጠው ስንቱ ነው? ሻጩን ጋሼን ስለ አያያዙ ስጠይቃቸው ቁጭ ብለው አስረዱኝ፣ «በጋ ላይ ከላይ ያለው ይደርቃል፣ ሞተ ብለሽ እንዳትጥይው ልጄ፣ ሥሩ አለ፣ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል» አሉኝ። ደረቅ ፖት ለወራት ጠብቆ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ሲል ማየት፣ ለኔ የመሰብሰብ ደስታው ይሄ ነው፣ ገዝቶ መደርደሩ አይደለም።

ቀጋም አላቸው። ከሰሀራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅል የራሳችን ጽጌረዳ እሱ ነው፣ ነጭ አበባው ሲረግፍ እረኞች የሚለቅሙት ቀይ ፍሬ ይይዛል። እሾሁ ግን ክፉ ስለሆነ ለኮንዶሚኒየም በረንዳ አልመክርም፣ ግቢ ያለው አጥር ዳር ይትከለው።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ችግኞቹ ላይ ስም አይፃፍም፣ ጋሼ ከሌሉ ልጆቹ ሁሉንም «አበባ ነው» ነው የሚሏችሁ። አፈሩም ቀይ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይደድራል፣ ቤት ስትወስዱ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅሉበትና አዛውሩት። ዋጋው ላይ ተከራከሩ፣ ይቀንሳሉ፣ ሁለት ሦስት ስትወስዱ ደግሞ በሶብላ ወይም ጤና አዳም ይመርቁላችኋል።

አሽንዳ የሚባለውን የሀገራችንን አበባም ጠይቄ ለክረምት እናመጣለን ብለውኛል። ጠዋት ሂዱ፣ ጋሼ የሚገኙት ያኔ ነው፣ እንሶስላው ደግሞ ስወጣ ጥቂት ፖት ነበር የቀረው።