ስንኝ ሳይሰበር፦ የግጥም ውድድር በጉግል ፎርም፣ የመጽሔት ኅትመት በድሬዳዋ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች

ድሬዳዋ ላይ 100 ቅጂ የግጥም መጽሔት ለማውጣትና ከጎኑ አንድ ውድድር ለማካሄድ ቢሮ መከራየት አያስፈልግም። በነጻ የሚገኘው ጉግል ፎርም፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከዚራ ወይም መጋላ ያለ አነስተኛ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት ይበቃሉ። ሦስቱንም እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ሚዛን ነው፤ ገጣሚው የጻፈው ስንኝ እንደጻፈው አንባቢ እጅ ይገባል ወይ? ለዜና ወይም ለማስታወቂያ ምንም የማይመስለው የመስመር መዛወር ግጥም ላይ ሲደርስ ጥፋት ይሆናል። ቤት የሚመታው ቃል ከመስመሩ ጫፍ ተነሥቶ መሃል ከገባ ግጥሙ ሌላ ግጥም ሆነ።

ከፎርሙ እንጀምር። ትልቁ ውሳኔ የጥያቄው ዓይነት ነው። አጭር መልስ የሚቀበለው ሳጥን አንድ መስመር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ገጣሚው 16 ስንኝ ቀድቶ ሲለጥፍበት ሁሉም ተያይዞ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ይሆናል። የአንቀጽ መልስ የሚቀበለው ግን መስመሮቹን ይጠብቃል። ስለዚህ ስም፣ ስልክና ርዕስ በአጭሩ፣ ግጥሙ በአንቀጹ። ይህን ሳያስተውል ፎርሙን የበተነ አዘጋጅ የመጡትን ግጥሞች ሁሉ ለባለቤቶቻቸው መልሶ “እባክዎ እንደገና ይላኩልን” ከማለት በቀር መውጫ የለውም። የወል ቤት፣ ማለትም ስንኙ እኩል 6 እና 6 ቀለም (ሲነገር የሚቆጠር የድምፅ ክፍል) ያለው ግጥም፣ ከሆነ እየቆጠሩ ወደ ቦታው መመለስ ይቻል ይሆናል። ነጻ ግጥም ከሆነ ግን መስመሩ የት እንዳለቀ ከገጣሚው ሌላ የሚያውቅ የለም።

ይህን የፈሩ አዘጋጆች ፋይል ማስጫኛውን ይመርጣሉ። ለውድድር አንመክረውም። ላኪው በጉግል አካውንቱ ካልገባ ፋይል መጫን አይችልም፤ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ተማሪ እዚያው ይቀራል። የባሰው ደግሞ፣ የተጫነው ፋይል ስሙ ላይ የላኪው ስም ይቀጠልበታል። ስም ተሸፍኖ ይዳኛል በተባለ ውድድር ዳኛው ፋይሉን ሳይከፍት የማን እንደሆነ አወቀ ማለት ነው። የዎርድ ፋይል በበኩሉ በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ የኮምፒውተሩን ባለቤት ስም ይዞ ይዞራል።

መልሶቹ የሚጠራቀሙበት ሠንጠረዥም የራሱ ወጥመድ አለው። የስሙን ዓምድ ደብቆ ሠንጠረዡን ለዳኞች ማጋራት የተለመደ ነው፤ ስሙን ግን አይሸፍነውም። ለማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው ፋይሉን ለራሱ ቀድቶ የተደበቀውን መግለጥ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ሌላ አዲስ ፋይል መክፈት ነው፤ መለያ ቁጥር፣ ርዕስና ግጥም ብቻ ወደዚያ ይሄዳል፤ ስምና ስልክ ያለበት ዋናው ፋይል ዳኛ ባልሆነ አንድ ሰው እጅ ይቀራል። ሲቀዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ መስመር ያለውን ሳጥን አንዴ ብቻ ነክቶ የቀዳ ሰው ጽሑፍ ማረሚያ ላይ ሲለጥፈው ግጥሙ በትምህርተ ጥቅስ ታጥሮ ይመጣል፤ ገጣሚው ራሱ የተጠቀመበት ጥቅስ ካለ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ሳጥኑን ሁለቴ ነክቶ ውስጡ ገብቶ ጽሑፉን መምረጥ ነው መፍትሔው። በየቦታው ትርጉም የሌለው የጥቅስ ምልክት ይዘው የታተሙ ግጥሞች ምንጫቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የማስረከቢያው ሰዓት ላይ ጠብ የሚነሣው በእኛ አቆጣጠርና በሠንጠረዡ አቆጣጠር መሃል ነው። “ሰኔ 30 ከሌሊቱ 6 ሰዓት” የሚለው ለእኛ የሰኔ 30 ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። ሠንጠረዡ ግን በዚያች ደቂቃ ጁላይ 8፣ 0፡00 ብሎ ይመዘግባል፤ አለማወቅ ካለ በጊዜው የደረሰ ግጥም ዘግይቷል ተብሎ ይጣላል። የፋይሉ የሰዓት ክልል በሌላ አገር ተሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ልዩነቱ ብዙ ሰዓት ይሆናል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ በአዲስ አበባ ሰዓት መሞላቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ማስረከቢያውን ከምሽቱ 12 ሰዓት ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ቴሌግራም መስመር አይሰብርም፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፣ አንድ መልእክት እስከ 4,096 ሆሄና ምልክት ይይዛል፤ ለግጥም ከበቂ በላይ ነው። ግን ስምና ፎቶ አብሮ ይመጣል፣ ግጥሞቹም ከሰላምታና ከጥያቄ ጋር ተደባልቀው ይጠፋሉ። ለማስታወቂያና ለጥያቄ መመለሻ ይሁን፤ መቀበያ ግን ፎርሙ ነው።

ከላኪዎች የሚመጣው ጽሑፍ ራሱ ሁለት ችግር ይዞ ይመጣል። አንደኛው የድሮ ፎንት ነው። ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ኮድ ከሰጠው ሥርዓት) በፊት በተሠሩት በእነ አጋፋሪና ቪዥዋል ግዕዝ፣ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ዓይነቶችም የተጻፈ ግጥም ፎርሙ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ግጥሙ አልጠፋም፤ ከታች ያለው ኮድ የላቲን ስለሆነ ነው። በዚያው ፎንት ሲከፈት ይነበባል፤ ለኅትመት ግን እንደገና መተየብ ይሻላል፤ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አንዳንዱን ሆሄ ይስታሉና። ሁለተኛው ሥርዓተ ነጥብ ነው። አራት ነጥብን በሁለት ኮሎን የሚተይብ ብዙ ነው፤ ከፊቱ ክፍት ቦታ ካለ ምልክቱ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ይወድቃል። ፈልጎ መተኪያውን ተጠቅሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ “።” መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የተሰረቀ ወይም ቀድሞ የታተመ ግጥም ለማጣራት ኢንተርኔት ላይ አንድ ስንኝ መፈለግ የተለመደ ነው። አማርኛ ላይ ግን አንድ ፍለጋ አይበቃም። “ሰላም” ብሎ የፈለገ “ሠላም” ተብሎ የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል፤ “ፀሐይ” ቢያንስ በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የሌሉበትን ስንኝ መርጦ መፈለግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ዳኝነቱን በተመለከተ፣ ሦስት ዳኛ ከ10 እየሰጡ መደመር ፍትሐዊ ይመስላል። አንዱ ዳኛ ሁሉንም 7 እና 8 ይሰጣል፣ ሌላው ከ3 እስከ 10 ይዘረጋዋል፤ ድምሩን በተግባር የሚወስነው ሁለተኛው ሆኖ ይገኛል። ይልቅ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ግጥም “ይለፍ”፣ “ይቆይ”፣ “ይቅር” ይባል፤ ሁለት ዳኞች ይለፍ ያሉት ይለፍ። ወደ 10 ሲወርድ እያንዳንዱ ዳኛ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ደረጃ ያውጣ፤ የደረጃው ድምር ያነሰው ያሸንፋል። ዳኞች ጮክ ብለው ያንብቡ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ “ገና” ጠብቆ በዓል ነው፣ ላልቶ “እስካሁን” ነው፤ ሰምና ወርቁ እዚያች ላይ የተንጠለጠለ ግጥም በዝምታ ሲነበብ ያልፋል። ፎርሙ ላይ “የሚጠብቅ ወይም የሚላላ ቃል ካለ ይግለጹ” የሚል የግዴታ ያልሆነ ጥያቄ መጨመር ይረዳል። በድምፅ ተቀርጾ ይላክ የሚለው ሐሳብ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ድሬን በመሰለች ሁሉም በሚተዋወቅባት ከተማ ድምፅ ማለት ስም ነው።

ድሬና ሐረር ላይ የሚካሄድ ውድድር በአማርኛ ብቻ ይሁን ማለት ግማሹን ገጣሚ ማስቀረት ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪም ይምጡ፤ ግን የሁለት ቋንቋ ግጥም በአንድ ደረጃ ላይ አይወዳደርም፤ ለየቋንቋው የየራሱ ዳኛና የየራሱ አሸናፊ ይኑር። ገጹ ላይም ሥራ ይጨምራል። ኦሮምኛውና ሶማሊኛው በላቲን ስለሚጻፍ የአማርኛው ፎንት የያዘው ላቲን ካልተስማማ ሌላ መምረጥ ግድ ነው። ሐረሪ በዐረብ ፊደል ከመጣ የአንቀጹን አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ማድረግ ይገባል፤ አለበለዚያ ነጥቡ ከመስመሩ ተቃራኒ ጫፍ ይገኛል።

ማተሚያ ቤት ከመሄድ በፊት ገጹን መወሰን ውድድሩንም ይወስናል። ኤ5 ገጽ 148 በ210 ሚሊሜትር ነው። ከላይና ከታች 20፣ ከመጠረዣው በኩል 20፣ ከውጭ 15 ሚሊሜትር ቢተው ለጽሑፍ 113 በ170 ይቀራል። በ12 ነጥብ ፎንትና በ18 ነጥብ የመስመር ርቀት 26 መስመር ይገባል፤ ርዕስ፣ ስምና ክፍት ቦታው አራት መስመር ይወስዳሉ። ስለዚህ የውድድሩ ደንብ “ከ22 ስንኝ ያልበለጠ” ቢል ግጥሙ አንድ ገጽ ላይ ያልቃል፤ በስታንዛዎች (በግጥሙ አንጓዎች) መሃል ያለው ባዶ መስመርም እንደ ስንኝ እንደሚቆጠር ደንቡ ላይ ይጻፍ። ወረቀት ለመቆጠብ ገጹን ለሁለት ዓምድ መክፈል ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለአንዱ ዓምድ 53 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይቀራል፣ የወል ቤት ስንኝ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ አይበቃም።

ፎንት ላይ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን እናስቀድማለን፤ በነጻ ይገኛል፣ የተለያየ ውፍረትም አለው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ለዓይን ይበልጥ ይማርካል፤ ውፍረቱ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ዎርድ በግድ ሲያደምቀው የሆሄው ቀዳዳ ይደፈናል። ኒያላ ለብዙዎች የለመዱት መልክ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን እንደ ተጨማሪ የሚጫን ስለሆነ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል። በፍላሽ የዎርድ ፋይል ይዞ የሄደ ሰው ችግሩ እዚህ ያገኘዋል፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይተካል፣ ስፋቱ ይለያል፣ ረጃጅሞቹ ስንኞች ይሰበራሉ። ኦፕሬተሩ ጥፋት የለበትም፤ ግጥሙን ከዚያ በፊት አላየውም። ፎንቱ ውስጡ የገባበት ፒዲኤፍ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ማተሚያው። ለ100 ቅጂ ኦፍሴት (ፕሌት የሚባል ሰሌዳ አስቀድሞ የሚሠራለት የኅትመት ዓይነት) አያዋጣም፤ የፕሌቱ ወጪ በጥቂት ቅጂ ላይ ይወድቃል። የሌዘር ኅትመት በነጠላ ዋጋው 60 ሆነ 100 ብዙ ስለማይለያይ መጀመሪያ 60 አሳትሞ ሲያልቅ 40 መጨመር ይቻላል። የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን። 32 ገጽ ማለት በየቅጂው 8 ሉህ ኤ4 ነው፤ ለ100 ቅጂ 800 ሉህ፤ ባለ 500ው ሁለት ደስጣ ወረቀት ይዞ 200 ለናሙናና ለብልሽት ይተርፋል። ወረቀቱን አሸዋ ገበያ ራሳችሁ ብትገዙት ባለ 80 ግራም መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ የሳሳ ከሆነ የጀርባው ስንኝ ያስተላልፋል።

ማተሚያ ቤቶቹ ፒዲኤፉን ሲያትሙ “ቡክሌት” የሚለውን (ሉሁ ሲታጠፍ ገጾቹ በቅደም ተከተል እንዲወጡ የሚያደርገውን ምርጫ)፣ መጠረዣውን በግራ፣ መገልበጫውን በአጭሩ ጎን ማድረግ አለባቸው። በረጅሙ ጎን ከተገለበጠ የየሉሁ ጀርባ ተዘቅዝቆ ይወጣል። አንድ ቅጂ አሳትሞ፣ አጥፎ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ ፊርማ አኑሮበት ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ ክርክር ቢነሣ የሚመሳከረው እሱ ነው። ጠዋት ግቡ። ድሬ ቀትር ላይ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ለመዘጋት የተቃረበ ቤት ናሙና የማሳየት ትዕግሥት የለውም። መብራት ሄዶ ከመጣም እንደገና የሚወጡትን የመጀመሪያ ሉሆች ጥቁረት ከናሙናው ጋር አስተያዩ።

ጥረዛው ላይ ሁለት ስቴፕል ከመታጠፊያው ላይ ይበቃል። ተራ ስቴፕለር ወደ ሉሁ መሃል አይደርስም፤ ክንደ ረጅሙ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በማጣበቂያ ይጠረዝ ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፤ 32 ገጽ ለማጣበቂያ በጣም ቀጭን ነው፣ ጥቂት ጊዜ ሲከፈት ገጹ ይረግፋል። ሽፋኑ ከ200 እስከ 250 ግራም አርት ፔፐር ሆኖ ከመታጠፉ በፊት መታጠፊያው ላይ ተጭኖ የጎደጎደ መስመር ይደረግበት፤ ያለዚያ ጥቁሩ ቀለም በመታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ ነጭ ይታያል። ሲታጠፍ የውስጠኞቹ ሉሆች ትንሽ ወደ ውጭ ስለሚወጡ በመጨረሻ አንድ ላይ ይከርከማሉ፤ የገጽ ቁጥሩን ከጠርዙ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ማራቅ ለዚህ ነው።

ደንባችሁ ላይ ደግሞ መብት የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ይሰጣል፤ መጽሔቱ የሚጠይቀው አንድ ጊዜ የማሳተም ፈቃድ ብቻ ይሁን። “የተላከ ግጥም የአዘጋጁ ንብረት ነው” የሚል ደንብ ያለበት ውድድር ላይ አንድም ገጣሚ ባይሳተፍ ደስ ይለናል።

ጥቅሉን ስትረከቡ ከየክምሩ ጥቂት እየመዘዛችሁ መሃሉን ክፈቱ። በባለ 32ቱ ላይ ስቴፕሉ የሚታየው በገጽ 16 እና 17 መካከል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ገጽ 1ን እዩ። ሌላ ቁጥር ካገኛችሁ አንድ ሉህ ጎድሏል ወይም ተገልብጦ ገብቷል፤ ያንን ቅጂ ለይታችሁ መልሱ፣ ለገጣሚ አትስጡት።